መቅደም ሌላ፣ መከልከል ሌላ

ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ «የገናሌና የዳዋ ወንዞች አካባቢ ባህልና ቅርስ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ አንድ ምሽት አይበቃውም። እንዲህ ዓይነት ርእስ ሲጠራ ሰው የሚጠብቀውንም አውቃለሁ፦ የባህል ልብስ፣ የጭፈራ ፎቶግራፍ፣ በመጨረሻም «ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን አላስተዋወቅነውም» የሚል ወቀሳ። እኔ ዛሬ ፎቶግራፍ አልያዝኩም። የያዝኩት አንድ ክርክር ነው።

ክርክሬ ይህ ነው። ከነገሌ ቦረና ቁልቁል እስከ ዶሎና እስከ ሞያሌ ባለው ቆላ ከቅርስ ሁሉ የሚበልጠው ውኃ የሚጠጣበት ሕግ ነው፤ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚከተል የሚደነግግ፣ የተጠማን ግን መመለስ የሚነውርበት ሕግ። ይህ ቅርስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ ቱሪስትም ቢያየው ያየ አይመስለውም። መንገዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወንዞቹ ዳር ቆመን ስማቸውን እንጠይቃለን። ከዚያ ወደ ቦረና ጉድጓድ እንወርዳለን፤ እዚያ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ስንወጣ ነገሌ ከተማ ገብተን በ1966 ዓ.ም. በአንድ ሌላ ጉድጓድ ሰበብ የሆነውን እናነሣለን።

ነገሌ ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአዶላ በኩል የሚጓዝ ሰው ከጉጂ ደጋ ደን ሲወርድ አፈሩ እየቀላ፣ ዛፉ እያጠረ፣ እሾሁ እየበዛ ሲሄድ ያስተውላል። ከተማዋ በሁለት ወንዞች መካከል ናት፤ በሰሜን ምሥራቋ ገናሌ፣ በደቡብ ምዕራቧ ዳዋ። ከባሌ በኩል ደግሞ ዌብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ይመጣል። ሦስቱም ወደ ዶሎ ወርደው ይገናኙና ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባም ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ዳዋ ከታች ሲደርስ የወሰን ሥራ ተሰጥቶታል፤ መጀመሪያ ከኬንያ፣ ቀጥሎ ከሶማሊያ ይለየናል። ወንዝ የሚያገናኘውን ካርታ መለየቱ የተለመደ ነው።

ስለ ካርታ ካነሣሁ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። በካርታችን ላይ «ገናሌ ዶሪያ»፣ «ዌብ ጌስትሮ» ተብሎ ተጽፏል። ለብዙ ዓመታት «ዶሪያ» የኦሮምኛ ወይም የሶማሊኛ ቃል ይመስለኝ ነበር። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነግሬ ይሆናል፤ ይቅር ይበሉኝ። ዶሪያ የጄኖዋን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የመሠረተው ጃኮሞ ዶሪያ ነው። ጌስትሮም በዚያው ሙዚየም ነፍሳትን ያጠና የነበረው ራፋኤሎ ጌስትሮ ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1892 እና በ1893 እ.ኤ.አ. የጁባን ምንጮች ፍለጋ ወደ ላይ ሲጓዝ የወዳጆቹን ስም በወንዞቹ ላይ ለጠፈ። ወዳጆቹ ወንዞቹን አላዩም፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ይፈሳል። በዚያው ሰሞን ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ በዚሁ አገር ሲዘዋወር በ1893 ዝሆን ገደለው። ከጓዙ ውስጥ የማትታወቅ ወፍ ተገኘች፤ የት እንደተያዘች ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሊቃውንቱ የልዑሉን ስም ሰጧት። እርሷ ይህን ሳትሰማ ዛሬም በነገሌና በአሬሮ ዙሪያ በሚገኘው የጥድ ደን ትኖራለች።

የአገሬው ስም ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ቦረናው «ገናሌ» ይላል፤ ሶማሌው ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ «ገናኔ» ይለዋል፤ ጁባ ዳር ያለችው የሉቅ ከተማም ሙሉ ስሟ ሉቅ ገናኔ ነው። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ቋንቋ፣ እንደ መንትያ የሚመሳሰል ስም። ጉድጓድንም ተመልከቱ፤ በኦሮምኛ «ኤላ»፣ በሶማሊኛ «ኤል» ነው። ኤል ሶድ ብላችሁ ከዘቀጠው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጥቁር ጨው የሚወጣበት ቦታ ትደርሳላችሁ፤ ኤል ዋቅ ብላችሁ ኬንያና ሶማሊያ ወሰን ላይ ትደርሳላችሁ። ዋቅ ደግሞ ቦረናው ዛሬም የሚጠራው፣ ሶማሌውም ከእስልምና በፊት ይጠራው የነበረ የፈጣሪ ስም ነው። እነዚህ ሕዝቦች ብዙ ጊዜ ተጋድለዋል፤ ዛሬም ሰላማቸው የሚደፈርስበት ቀን አይጠፋም። ጉድጓዱን ግን በአንድ ቃል ይጠሩታል።

ሌላው ቃል «መልካ» ነው፤ ወንዝ የሚሻገሩበት፣ ከብት የሚያጠጡበት ቦታ። መልካ ጉባ፣ መልካ ዲዳ፣ መልካ ሱፍቱ። የቦቴጎ ስሞች የሰውየውን ወዳጆች ሲያስታውሱ የአገሬው ስሞች የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ነው፤ ውኃው የት እንደሚደረስበት። መልካ ዲዳን ያዙልኝ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ከመውረዳችን በፊት ግን የምዘለውን ልንገራችሁ፤ በኋላ «ያን ሳይናገር» እንዳትሉኝ። ሴቶቹ ከሥር እየሰፉ፣ በጭስ እያጠኑ ስለሚይዙት የወተት ዕቃ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ቡና ቀላም እንደዚያው፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፤ «ቀላ» ማለት አረደ ማለት ነው፤ ቡና እንደ ሰንጋ የሚታረድበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ግን አልቆይበትም፤ ጥም ይቀድማል።

ወንዝ ዳር ሕግ አይጠብቅም። ገናሌን የመሰለ ወንዝ ዳሩ ረጅም ነው፤ የደረሰ ይጠጣል። ሕግ የሚጠብቀው ውኃው ሲያንስና ጠጪው ሲበዛ ነው። ከዳዋ ወዲያ፣ ድሬ በሚባለው የቦረና ሜዳ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ዝናቡ ሁለት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» ነው፤ የልደት በዓላችን እንዳይመስላችሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው «ሐገያ» ነው። ዝናብ ሲኖር ከብቱ ከኩሬ ይጠጣል። ኩሬው ሲደርቅ አዳዲ ወደሚባሉት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ይሄዳል። እነርሱም ሲከዱ የመጨረሻው መጠጊያ ጥልቁ ጉድጓድ፣ ቱላ ነው። ቦረናዎች «ቱላ ሰግላን»፣ ዘጠኙ ቱላዎች ይሏቸዋል፤ ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ጋዮ፣ ዋጪሌ እያሉ ይቆጥሯቸዋል። እያንዳንዱ ስም የብዙ ጉድጓዶች መንደር ነው።

ሜዳው ላይ ስትቆሙ ምንም አይታይም። ዘፈን ይሰማል፤ ዘፋኝ ግን የለም። ጠጋ ስትሉ መሬቱ እንደ ሰርጥ ተቆፍሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከብቱ በዚያ ሰርጥ ወርዶ ከሜዳው በታች ያለው የጭቃ ገንዳ ጋ ይደርሳል፤ ናኒጋ ይሉታል። ጉድጓዱ ራሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እስከ ሠላሳ ሜትር የሚጠልቅ አለ። ወጣቶች ከውኃው ጀምረው እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ እርከን ይዘው ይቆማሉ። ኦኮሌ የሚባለው ባልዲ ሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ሽቅብ ይወረወራል፤ ባዶው በሌላ በኩል ይወርዳል። ኦኮሌ ጥንት ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ እኔ ያየሁት በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እዚያው ቆመው የሚያዝኑ ጎብኚዎችም አይቻለሁ። የሚያዝኑለት ለቀጭኔው ይሁን ለባልዲው አልገባኝም።

ዘፈኑ ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተ ጎጃም ወይም ሸዋ ደቦ ላይ ያጨዳችሁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሆ የሚባለው ማጭድና ማጭድ እንዳይጋጭ፣ የደከመውም እንዳይታወቀው ነው። ጉድጓድ ውስጥም ምቱ ከተሳተ የሞላው ባልዲ ከታች ባለው ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ሰርጡ አፍ ላይ ተራውን የሚጠብቀው መንጋም ዘፈኑን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል። የውጭ ጎብኚዎች እነዚህን ጉድጓዶች «ዘማሪ ጉድጓዶች» ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙ ያምራል፤ ብዙ እንግዳም አምጥቷል። ቅሬታዬ ስሙ የሥራውን ድምፅ ይዞ ሥራውን የሚያኖረውን ሕግ መተዉ ነው።

ሕጉን እንመልከት። ጉድጓድ ሊያስቆፍር ወይም የተደፈነውን ሊያስከፍት የተነሣ ሰው ከብት ያርዳል፤ ቆፋሪውን ይመግባል፤ ጎሳው ጉልበት ያዋጣል። ውኃ ሲወጣ ያ ሰው «ኮንፊ» ይሆናል፤ መብቱም በዘሩ ይወረሳል። ጉድጓዱ ግን የጎሳው ነው። ኮንፊው አይሸጠውም፤ አያጥረውም። ያገኘው ትርፍ መቅደም ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ የጎሳው ሰዎች፣ ከዚያም በዝምድናና በስምምነት የገቡት ይከተላሉ። ይህን ቅደም ተከተል «ሄሬጋ» ይሉታል፤ የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» ነው። አዲስ አበባ «ተራ አስከባሪ» የሚል ቃል አላት፤ ታክሲ ሲያጥር የተወለደ ቃል ነው። ደጋ ላይ መስኖ ባለበት አገር ደግሞ «የውኃ አባት» የሚባል ሹም አለ፤ ቦዩ ወደ ማን ማሳ መቼ እንደሚዞር የሚወስን። አባ ሄሬጋ የሁለቱም ዘመድ ነው፤ ሥራው ግን ይከብዳል። የደጋው ማሳ ውኃ ቢዘገይበት ሰብሉ ይጠወልጋል። ቦረና ላይ በድርቅ ወር አንድ ቀን ከተሳተ መንጋው ቆሞ አያድርም።

በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ ግመል ከዚያ ብዙ ይቆያል። አባ ሄሬጋው የሚይዘው ስሌት ይህ ሁሉ ነው፤ ስንት መንጋ፣ ከየት ርቀት፣ ዛሬ ማን፣ ነገ ማን፣ ለውኃ መቅዳቱ ከማን ቤት ስንት ወጣት እንደሚመጣ። ወጣት ሳይልክ ሊያጠጣ የመጣ ሰው ይጠየቃል። ሲከራከሩ የጉድጓዱ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ያለፈው ወደ ጎሳ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ በየስምንት ዓመቱ የሚቀመጠው የጉሚ ጋዮ ሸንጎ አለ። ጉሚ ጋዮ የት እንደሚቀመጥ ልብ በሉልኝ፤ ጋዮ ከቱላዎቹ አንዱ ነው። የቦረና ከፍተኛው ሕግ አውጪ ጉባኤ የሚሰበሰበው ጉድጓድ ዳር ነው። በ1988 ዓ.ም. የተቀመጠው ሠላሳ ሰባተኛው ነበር፤ ሊቃውንት ጽፈውታልና የተወሰነውን ዛሬ ማንበብ ይቻላል። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ፣ ስለ ኦሮሞው የአስተዳደር ሥርዓት፣ ያሳተመው መጽሐፍም ብዙ የተማርነው ከቦረና መሆኑን ያስታውሰናል።

አሁን ልጠንቀቅ። ሄሬጋ እኩልነት ነው አላልኩም። ኮንፊው ይቀድማል፤ ብዙ ከብት ያለው ብዙ ያጠጣል፤ ሸንጎው ላይ የሴቶች ድምፅ አይሰማም፤ ጉድጓድ ላይ ደም የፈሰሰበት ጊዜም አለ። ይህን እያወቅሁ ግን ሕጉን አከብረዋለሁ። ምክንያቴ የርእሴ ቃል ነው፤ መቅደም ሌላ፣ መከልከል ሌላ። የቦረና ሕግ «አንተ ቆይ» ይላል፤ «አንተ አትጠጣም» ግን ለማለት ይከብደዋል። ቆይታውም የከብት ነው። ተጠምቶ የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ለራሱ ጉሮሮ ተራ አይጠብቅም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልኝ፤ በእኔ ላይ የተተረጎመበትን ቀን በኋላ እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያለ ሕግ ቅርስ ተብሎ ይመዘገባል ወይ የሚለኝ ቢኖር፣ አዎን፣ ይመዘገባል። ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ የሚባል ከተማ አለ። የአካባቢው ገበሬዎች የመስኖ ችሎት በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይሰየማል፤ ዳኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ክርክሩ በቃል ነው። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ይህን ችሎት ነው። የእኛም የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. ተመዝግቧል፤ ሄሬጋ ከሥሩ ነው ማለት ይቻላል። ግን ስንቶቻችን ገዳ ሲባል ጉድጓድ እናስባለን?

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስኩ። እስካሁን ውኃ በሕግ ሲጠጣ አየን። ያው አገር ውኃ ያለ ሕግ ሲያዝም አይቷል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው ገናሌን ተከትለው ወደ ዶሎ ወረዱ፤ ዶሎ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ይጠብቃቸው ነበር። መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ድንኳን ተክሎ ቁስለኛ ያክም ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ደበደቡት፤ በአልጋ ላይ የነበሩ ሕሙማን አለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሞተ። በጥር መጀመሪያ የግራዚያኒ ጦር በመኪናና በአውሮፕላን ሲነሣ የእኛ ሰዎች ከወንዙ ተቆረጡ። ከጫካው ውስጥ በጥም ያበዱ ወታደሮች መትረየስ እያዩ ወደ ገናሌ ሮጡ። ጦርነቱ ባለበት ቦታ ሁሉ ሰው በጥይት ሞቷል፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው ውኃ ሊጠጣ ሲል ሞቷል። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ተያዘች። ታቦት ወደ ውኃ በሚወርድበት ሰሞን።

ራስ ደስታ ከአንድ ዓመት በላይ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ። ግራዚያኒ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ አገኘ። ጣሊያኖች «ነገሌ» የሚለውን ስም ለአንድ ሰርጓጅ መርከባቸውም ሰጡት፤ ከ«አድዋ» ተከታታይ መርከቦች አንዱ ነበር። ወንዟ እንኳን ከሩቅ ሸለቆ የሚፈስላት ከተማ ስሟ ባሕር ውስጥ ገባ። በጥር 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሜዲትራንያን ላይ አሰጠሙት። እስካሁን ባሕሩ ሥር ነው።

ሁለተኛው 1966 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችሁ ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ፤ መነሻውን ግን ጥቂት ሰው ያስታውሳል። ነገሌ የጦር ሰፈር ነበረች። የተራው ወታደር ምግብ የተበላሸ፣ የውኃ ፓምፑ የተሰበረ ነበር። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ «ፓምፓችን እስኪጠገን ከእናንተ እንቅዳ» ብለው ጠየቁ። ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን መኮንኖቻቸውን አሰሩ፤ አቤቱታቸውንም ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ጃንሆይ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን አልገደሏቸውም፤ አልደበደቧቸውም። ያዟቸውና የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ዞረ፤ በየካቲት ደብረ ዘይትና አሥመራ ተነሡ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወረደ።

አብዮቱ የፈነዳው በጉድጓድ ብቻ ነው የሚል ሰው ታሪክ አያውቅም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ ተማሪው ለዓመታት ጮኾ ነበር። እኔ የምለው ይህን ያህል ነው፤ ክብሪቱ የተጫረው ሌላ ቦታ ሳይሆን ውኃ የከለከለ ሰው ስሙ ከሚጠፋበት አገር ነው። መኮንኖቹ «ቅድሚያ የእኛ ነው፣ ስንጨርስ ቅዱ» ብለው ቢሆን ኖሮ የቦረና ሽማግሌ ይረዳቸው ነበር፤ ወታደሩም ማዕረግ የለመደ ነውና ይጠብቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እነርሱ ግን መቅደምን ከመከልከል ጋር አምታቱት። ከሰፈሩ አጥር ውጭ ከብቱን ይዞ የሚያልፈው እረኛ የሚያውቀውን በአጥሩ ውስጥ ያሉት አላወቁትም። የሰፈሩ ወታደርም መኮንንም አብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነበር፤ ሕጉን የሚነግራቸው አልነበረም። እነርሱም አልጠየቁም።

እንግዲህ ዛሬስ? ባጭሩ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል ያለ ቁጣ አይነገርም፤ ቁጣ ደግሞ ለንግግር አይስማማም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ከሽፎ ነበር፤ ገናውም ሐገያውም። ቦረና ላይ መንጋ ያልቀረለት ቤት ብዙ ነው። ጉድጓዱ ነበር፤ ሄሬጋውም ነበር፤ ያለቀው ሣሩ ነው። ውኃ ጠጥቶ የሚውልበት ግጦሽ ያጣ ከብት ጉድጓዱ አፍ ላይ ወድቋል። ይህ አንድ ትምህርት ይዟል፤ የውኃው ሕግ ከሣሩ ሕግ ተለይቶ አይቆምም። ድሮ ሜዳውን በእሳት እያቃጠሉ ቁጥቋጦውን ያርቁ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት እሳት ከለከለ፤ ግራሩ ወረረው። በዚያው ዘመን የልማት ዶዘር መጥቶ ሰፋፊ ኩሬ ቆፈረ፤ ለዝናብ ወቅት ብቻ የተተወ ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ሆነ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ከአባ ሄሬጋ ጋር ግን የተማከረ አይመስልም። ነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ አለች፤ ሣሩ ሲሳሳ እርሷም እያለቀች ነው። ዛሬ ማኅበረሰቡ «ካሎ» እያለ የሚከልለው ግጦሽ ለጥጃም ለወፏም መጠለያ ሆኗል።

ገናሌ ላይ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ ተመርቋል። ወደ ታች፣ መልካ ዲዳ በሚባለው ቦታ ዛሬ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ አለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ድርቅና ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ይኖርበታል። ስደተኛውና አገሬው በሽርክና ከወንዙ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና በቆሎ የሚያለሙበት ማሳ አለ። ቦምብ ያረፈበት መሻገሪያ ስሙን ሳይለውጥ ሰው መቀበሉን ቀጥሏል። ወንዝ ላይ ግድብ ሲኖር ደግሞ ወንዝም ጉድጓድ ይሆናል፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው አለውና። ያን ጊዜ ከላይ ያለውና ከታች ያለው በምን ተራ ይጠጣሉ የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ አይሆንም። የገናሌ አባ ሄሬጋ ማን ነው? ጥያቄውን እዚህ ትቼው ላልፍ ነው፤ በውይይት ሰዓት ከፈለጋችሁ አንሡት።

የገባሁላችሁ ቃል አለ፤ ያን ፈጽሜ ልቀመጥ። ከዓመታት በፊት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ከሞያሌ ስንመለስ ዱብሉቅ አካባቢ የመኪናችን ራዲያተር ፈላ። ሹፌራችን ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አባ ሄሬጋው ዱላቸውን ተደግፈው ሰርጡ አፍ ላይ ቆመዋል። አንድ ተማሪ አስተረጎመልን። መጀመሪያ ለእኛ በጣሳ ውኃ ቀረበ፤ ጠጣን፤ ማንም «ከየት ናችሁ» አላለም። ከዚያ ሹፌሩ ጀሪካኑን አሳየና «ለመኪናዋ» አለ።

ሽማግሌው መንገድ ዳር የቆመችውን፣ እንፋሎት የምትተፋውን መኪና ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አጠገባቸው ካሉት ሁለት ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፤ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም። ተማሪው ወደ እኛ ዞሮ፣ «ሰው ናት ወይስ ከብት እያሉ ነው» አለን።

ሹፌራችን ነገሩ ቶሎ ገባው፤ «ሰው ይጭናል እንጂ ሰው አይደለም አባቴ፣ ከብት ይባል» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና በዱላቸው ጠቆሙን። ከሁለት መንጋ በኋላ ነበር ተራችን። ግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ዘፈኑ ከታች ይሰማል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ዳለቻ እያለ ከብቱ በሰርጡ ይወርዳል፣ ሆዱ ተነፍቶ ይወጣል። ሁለተኛው መንጋ ሲያበቃ ሽማግሌው ሹፌሩን ጠሩት፤ ጀሪካኑንም ሞሉለት።